ኩላንት ካስቀየርኩ በኋላ ሙቀት ጨመረ፤ «ቴስታታው ይውረድ» ተባልኩ

ባለ ኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2004 ሥሪት ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 1.6፣ ማርሿ ማንዋል። ሙቀት አስቸግሯት አያውቅም። ነገር ግን የራዲያተሩ ውሃ ዝገት መስሎ ስላየሁት ኩላንቱ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) ይቀየር፣ ውስጡም ይታጠብ ብዬ ሰፈሬ አጠገብ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፈቱ፣ የታችኛውን የውሃ ጎማ (ቱቦ) ነቀሉ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ የቧንቧ ውሃ ለቀቁበት። በዚያው ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውን) በአዲስ ቀይረው ኩላንት ሞሉና ሰጡኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሳሪስ ወደ መስቀል አደባባይ ስመጣ የሙቀት ጠቋሚው ከመካከል ይነሳና ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ደግሞ ድንገት ይመለሳል። ማሞቂያውን ስከፍት አንዳንዴ ሙቅ፣ አንዳንዴ ቀዝቃዛ አየር ይሰጠኛል። ከዳሽቦርዱ ጀርባም ውሃ የሚንቆረቆር ድምፅ አለ። መልሼ ስወስዳት መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ። እየሞቀ ሲሄድ ውሃው አረፋ አውጥቶ ይንተከተክ ጀመር። «አየሽ፣ ጋዝ እየገባ ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ይውረድ» አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ብረት ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ። የጠራልኝ ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ዘይቱ ግን ንጹሕ ነው፣ ነጭ ጭስም አላየሁም። እሺ ከማለቴ በፊት ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

የሜክሲኮው ታክሲ፦
እህቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል። ቴርሞስታቱን አስወጥተሽ ጣይው፣ ንጹሕ ውሃ ሙይበት፣ ንጂ። እኔ ከቴርሞስታት ጋር ከተለያየሁ ዓመታት አልፈዋል። ኩላንት የሚባለውም በረዶ ላለበት አገር የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ራዲያተር ሲረጋ ያየ ሰው አለ?

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጄ፣ በመጀመሪያ መኪናዋን አታንቀሳቅሻት። ቀዩ ላይ ደርሳ ብትመለስም የአሉሚኒየም ቴስታታ በአንድ ጉዞ ሊጣመም ይችላል። ያን ጊዜ መካኒኩ የተናገረው እውነት ይሆናል፤ ያውም አንቺ አድርገሽው።

ሁለተኛ፣ «ይውረድ» የሚለውን ቃል አትፍሪው፣ አትቀበዪውም። ክዳን ተከፍቶ ሞቅ ባለ ሞተር ላይ አረፋ መታየቱ ለብቻው ማስረጃ አይደለም። ውሃ ተፍስሶ ሲሞላ አየር ውስጥ ይቀራል፤ ያ አየር መውጫ ሲያገኝ በክዳኑ በኩል ነው የሚወጣው። የነገርሽን ምልክቶች ተመልከቺ፦ ጠቋሚው የሚወጣና የሚወርድ፣ ማሞቂያው አንዴ ሙቅ አንዴ ቀዝቃዛ፣ ከዳሽቦርድ ጀርባ መንቆርቆር። ሦስቱም አየር ታስሯል የሚሉ ናቸው። የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለ አየሩ እዚያ ይቀመጣል፤ ውሃ ካልደረሰው ደግሞ ሙቀት ከየት ያመጣል?

እነዚህን መልሺልኝ። ሲሞሉ ስንት ሊትር ገባ? ጠቋሚው ወደ ቀዩ ሲሄድ የታችኛው ጎማ ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ? ማራገቢያው ይነሳል? ክዳኑ የድሮው ነው?

ለታክሲው ወንድሜ ደግሞ፦ ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ የሞቀው ውሃ ግማሹ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተር ይመለሳል። ቶዮታ ራሱ በጥገና መጻሕፍቱ፣ ሞተሩ ሙቀት ቢያበዛም ቴርሞስታት እንዳይወጣ ያስጠነቅቃል። አንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሞተርህ በቶሎ ስለማይሞቅ ቤንዚን ታቃጥላለህ።

የሜክሲኮው ታክሲ፦
ጋሼ፣ ቤንዚኑን በተመለከተ አልከራከርም። ግን የእኔ መኪና ሙቀት አያውቅም፤ ይኸው ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽሮ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐዋሳ ሄዶ ሲመለስ ድስቱ ይዘገይበታል።

አሁን የራዲያተር ክዳን ከፍታችሁ ሞተር ስታስነሱ ግፊቱ የአየሩ ግፊት ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ሲጠጋ ነው። የኤሌክትሪክ ማራገቢያው የሚነሳው ደግሞ 93 አካባቢ። እንግዲህ አስሉት፦ ውስጡ ያለው አብዛኛው ውሃ ከሆነ፣ ማራገቢያው ከመነሳቱ በፊት ውሃው ይፈላል። ከቴስታታው ብረት ጋር የተጠጋው ክፍል ከቀሪው ስለሚሞቅ ደግሞ ቀድሞ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ያለ መካኒክ ክዳን ከፍቶ የሚፈትነው ፈተና እዚህ ሲደገም ጤነኛ ሞተርም ይንተከተካል። የሚታየው አረፋ እንፋሎት ይሁን የቃጠሎ ጋዝ በዓይን አይለይም።

ክዳኑ ሲዘጋ ነገሩ ይለወጣል። ክዳኑ ላይ 1.1 ወይም 0.9 ተጽፎ ታያላችሁ፤ ከውጭው አየር በላይ የሚይዘው ግፊት ነው። ባለ 1.1 ክዳን ጤነኛ ከሆነ እዚህ ከተማ ንጹሕ ውሃ እንኳን 118 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይፈላም። ስለዚህ ክዳን ማለት መክደኛ ብቻ አይደለም፤ ለከፍተኛ ቦታ ነዋሪ የማቀዝቀዣው እኩሌታ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን የጫነች መኪና ዱባይ ላይ ብትታገሥም እንጦጦ ላይ አትታገሥም።

ኩላንትን በተመለከተ፣ ለታክሲው ወንድማችን፦ እውነት ነው፣ ውሃ ከኩላንት ይልቅ ሙቀት በመሸከም የተሻለ ነው። ግን ውሃ ብቻ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ብረቱን ያዝጋል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ማዕድን ስላለው ጀበና ውስጥ የሚቀመጠውን ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያስቀምጣል። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት የመፍያውን ነጥብ ከሰባት እስከ ስምንት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ዝገት ከልካዮቹ ኬሚካሎች ናቸው ለእኛ የሚያስፈልጉን፤ በረዶ መከላከሉ ትርፍ ነው።

ከደንቨር፦
እዚህ የምኖርበት ከተማ 1,600 ሜትር ላይ ነው፤ ውሃ በ95 አካባቢ ይፈላል። መምህሩ ያሉትን እዚህ ያሉ መካኒኮች ያውቁታል፤ አየር ሲያስወጡ ክፍት አፉ ላይ ረጅም ጉሮሮ ያለው የማንቆርቆሪያ አፍ መሰል ዕቃ (ፈነል) ገጥመው ኩላንት ያቆሙበታል፤ ሲንተከተክ አይፈስም፣ አየሩም ይወጣል። አዲስ አበባ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ካልተገኘ በጥብቅ የሚገጥም ማንቆርቆሪያ አፍ ይሠራል።

ባለ ኮሮላ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ለጥያቄዎቹ፦ አራት ሊትር የተቀላቀለ ኩላንት ገዝቼ ነበር፤ ሁሉም ገባ፣ ሌላ አልተጨመረም። ሮዝ ቀለም ያለው ነው። ክዳኑ የድሮው ነው፤ ላስቲኩ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ በአንድ በኩልም ተሰንጥቋል። ማራገቢያው አየር ማቀዝቀዣውን ስከፍት ይዞራል። ጎረቤቴ የመኪና ኮምፒውተር ማንበቢያ አለው፤ ሰክቶ ሲያሳየኝ ጠቋሚው መካከል ላይ ቆሞ የውሃው ሙቀት ቁጥር ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል፤ መርፌው ንቅንቅ አይልም። የታችኛው ጎማ ቁጥሩ 98 ሲደርስ እንኳን በእጄ የሚያዝ ነበር፤ የላይኛው ግን አይነካም።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ይኸው ነው የምፈልገው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የዳሽቦርዱ መርፌ እንዲህ ነው፤ ሾፌሩን እንዳያስደነግጥ ተብሎ መካከል ላይ ረግቶ እንዲቆም ተደርጓል። ሲንቀሳቀስ ዘግይቷል ማለት ነው። የጎረቤትሽን ማንበቢያ አትመልሺለት።

የታችኛው ጎማ ቀዝቃዛ ሆኖ ቁጥሩ 98 ከሆነ ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ እየዞረ አይደለም። ወይ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም፣ ወይ አየር ፊቱ ቆሞበታል፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ያለው በታችኛው ጎማ በኩል ነው፤ አየር ከነካው ሙቅ ውሃ አይደርሰውም፣ ሙቅ ውሃ ካልደረሰው አይከፈትም፣ ካልተከፈተ አየሩ አይወጣም። እንዲህ ነው የሚዞረው።

ሞተሩ ደግሞ ስድስት ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል። አራት ብቻ ከገባ ሁለት ሊትር ተኩል አየር ነው።

ላቦራቶሪ፦
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ የመጨረሻው ስሌት ላይ አልስማማም። የራዲያተሩን ማፍሰሻና የታችኛውን ጎማ ብቻ ነው የከፈቱት። የሞተሩ ብሎክ (ዋናው አካሉ) ራሱን የቻለ ማፍሰሻ ቡሎን አለው፤ እሱ ካልተከፈተ ከብሎኩና ከማሞቂያው ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ ይቀራል። ስለዚህ አራት ሊትር መግባቱ ለብቻው አየር መኖሩን አያረጋግጥም። አየሩን የሚያረጋግጠው የማሞቂያው መቀዝቀዝና ሌሊት ካደረ በኋላ ደረጃው መውረዱ ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። ያ የቀረው ውሃ ከተቀላቀለው ኩላንት ጋር ሲደባለቅ፣ ግማሽ በግማሽ ተብሎ የተገዛው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ለበረዶ ግድ የለም፤ የዝገት መከላከያው ግን ይሳሳል። አጥቦ መሙላት ለሚፈልግ ሰው ያልተቀላቀለውን መግዛት ይሻላል፦ የሲስተሙን ግማሽ ያህል፣ ማለትም ሦስት ሊትር ከሩብ ገደማ ኩላንት ቀድሞ ይገባና ቀሪው በተጣራ ውሃ ይሞላል። የቀረው የቧንቧ ውሃ የውሃውን ድርሻ ይይዛል ማለት ነው።

የተጣራ ውሃ ስትገዙ ደግሞ ጠርሙሱን አንብቡ። ባትሪ መሸጫ ሱቆች የተጣራ ውሃና የባትሪ አሲድ በሚመሳሰል ዕቃ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልክ ነህ፣ ብሎኩን ረስቼዋለሁ አልልም፤ ጋራዡ ረስቶታል። ልጄ፣ ጠዋት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ክፈቺና ደረጃውን እዪ። ከዚያ እስከ አፉ ሞልተሽ አስነሺው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን የተቃጠለ ከሆነ ገና በቀዝቃዛው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል፣ የላይኛው ጎማም ሳይሞቅ ይጠነክራል። ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ግን መምህሩ ያሉት ነው። ሌላው የማያሻማ መፈተሻ የቃጠሎ ጋዝ መለኪያ ፈሳሽ ነው፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ በመስታወት ተይዞ አየሩን በውስጡ ያሳልፋሉ፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከተለወጠ ጋዝ አለ። ቴስታታ ከማውረድ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ይህን ሳያደርግ «ይውረድ» የሚል መካኒክ ቸኩሏል።

የአባይ በረሃ፦
የጭነት መኪና ነው የምነዳው፤ ግን ስለ ክዳን አንድ ነገር ልጨምር። ከጎሐ ጽዮን ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ ብዙ መኪና የሚፈላው ታች ቆላው ላይ ሳይሆን ላይ ሲደርስ ነው። ድሮ ይገርመኝ ነበር። አሁን መምህሩ ሲያስረዱ ገባኝ፦ ሞተሩ ከሁሉ በላይ የሞቀው አፋፉ ላይ ሲደርስ ነው፤ አየሩም የቀጠነው እዚያው ነው። ክዳኑ ካልያዘ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ።

አፋፍ ላይ ቆሞ በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋ ወጣት በየጊዜው አያለሁ። ብረቱ ሲሰነጠቅ ድምፁ ይሰማል። ክዳኑንም በሙቁ የከፈተ ፊቱን አቃጥሎ በሰው መኪና ሐኪም ቤት ሄዷል። ወንድሞች፣ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ጠብቁ፤ ዳቦ ካላችሁ ብሉ።

ባለ ኮሮላ፦
ዛሬ ጠዋት አደረግሁት። ክዳኑን ስከፍት ውሃው ከአፉ በታች ወርዶ አይታይም ነበር፤ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ግን እንደተሞላ ነው። እስከ አፉ ሞልቼ በቀዝቃዛው አስነሳሁ፤ ምንም አረፋ የለም፣ ጎማውም ልስልስ ነው። ቁጥሩ ከ80 ካለፈ በኋላ ነው መንተክተክ የጀመረው፤ ያኔ አጠፋሁት።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ማጠራቀሚያው ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ከጎደለ ክዳኑ ሥራውን እየሠራ አይደለም። ክዳን ሁለት በር አለው። አንዱ ሲሞቅ ትርፉን ወደ ማጠራቀሚያው ያስወጣል፤ መካከል ላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ ሲቀዘቅዝ መልሳ ትስባለች። የአንቺው አይስብም። ሶማሌ ተራ ሂጂና በላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አሳይተሽ ያንኑ ግዢ። «ይገጥማል» ብሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጥሽን እምቢ በዪው፤ ይገጥማል፣ ግን አይይዝም። ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦም እዪው፤ ከተሰነጠቀ ውሃ ሳይሆን አየር ይስባል።

ከዚያ አሞላሉ። አፍንጫዋ ሽቅብ በሆነ ቦታ አቁሚያት፤ የራዲያተሩ አፍ ከፍተኛው ቦታ እንዲሆን። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጊ። በቀስታ ሙዪ፣ ጎማዎቹን በእጅሽ እየጨመቅሽ። አስነሺ፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቁጥሩ 75 አካባቢ እስኪደርስ ብቻ እየጨመርሽ ቆዪ። ከዚያ በላይ በዚህ ከተማ ክፍት አትተዪው፤ ዝጊው። ማራገቢያው ራሱ ተነስቶ እስኪያቆም ጠብቂ። አጥፊ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ከፍተሽ የጎደለውን ሙዪ። ደረጃው መውረዱን እስኪያቆም ይህንኑ ድገሚ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የታችኛው ጎማ አሁንም ካልሞቀ ቴርሞስታቱን ያስገቡበትን አቅጣጫ ማየት ነው። ዳሩ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ አየር የምታሳልፈው እሷ ናት። ቦታዋ ከላይ በኩል ነው። ታች ከሆነች አየሩ ከላይ ይታሰራል።

ባለ ቪትዝ፦
በመካከል ስለገባሁ ይቅርታ። የእኔ ቪትዝ ላይ አረንጓዴ ኩላንት አለ፤ ሮዙን ብጨምርበት ችግር አለው?

ላቦራቶሪ፦
ቀለም አትመን፤ ቀለም አምራቹ የፈለገውን የሚቀባው ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዓይነት አንብብ። የድሮው ዓይነት ሲሊኬት ያለበትና አዲሱ የኦርጋኒክ አሲድ ዓይነት ሲቀላቀሉ መከላከያቸው ይዳከማል፤ አንዳንዴም ወፍሮ እንደ አጃ ገንፎ ይሆንና ቱቦ ይደፍናል። መንገድ ላይ ከጎደለብህ የተጣራ ውሃ ጨምርና ቤትህ ስትደርስ ሁሉንም አስቀይር።

ባለ ኮሮላ፦
አዲስ ክዳን ገዛሁ፤ 1.1። እንደተባልኩት ሞላሁ፤ ከአንድ ሊትር በላይ ተጨማሪ ገባ። መንቆርቆሩ ጠፋ፣ ማሞቂያው ሙቅ ሆነ። ግን የታችኛው ጎማ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፣ ቁጥሩም ዳገት ላይ 103 ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ ሌላ ጋራዥ ወስጄ ቴርሞስታቱን ከቤቱ አስወጣሁት። ጋሼ እንዳሉት ነው፤ ትንሿ ቫልቭ ታች ዞራለች። አዙረው በአዲስ ላስቲክ ገጠሙት፤ የብሎኩንም ቡሎን ከፍተው ያልተቀላቀለ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ሞሉልኝ። የጋዝ መለኪያውን ፈሳሽም አስደረግሁ፤ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። አሁን በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ቁጥሩ ከ96 አላለፈም። ማራገቢያው ይነሳል፣ ያቆማል።

ለቴስታታው የተጠየቅሁት ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ግን ቫልቯን ሳሳየው «ልዩነት የለውም» አለኝ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልዩነት የለውም ያለሽ ልዩነቱ አንቺ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ደግ አድርገሻል። ለጥቂት ጊዜ ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛው ደረጃውን እዪ።

የሜክሲኮው ታክሲ፦
እሺ፣ ጋሼ፣ እኔም ቴርሞስታት ልገጥም ነው። የትኛው ዲግሪ ልግዛ? ሱቁ 76 እና 82 አለኝ አለ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
የሞተርህ መጽሐፍ የሚለውን። ካላገኘኸው 82። 76 ገዝተህ «እንዳይሞቅ» ብትል፣ ያው አውጥተህ በጣልከው መንገድ ግማሹን ተመልሰሃል።

ባለ ኮሮላ፦
የወጣውን አሮጌ ኩላንት ጋራዡ በጀሪካን ሰጠኝ። ምን ላድርገው? ቦይ ውስጥ ልድፋው ብዬ ነበር።

የኬሚስትሪ መምህር፦
አይደፋም። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይጠጣዋል፤ ኩላሊት ይገድላል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ቦዩ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን አጥብቀሽ፣ «መርዝ» ብለሽ ጽፈሽበት የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጪ፤ ከዘይቱ ጋር ግን እንዳይቀላቅሉት ንገሪያቸው።